አየር የሚጠጣ ድንጋይ

ሊድስ፣ እንግሊዝ አገር
ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ወለተሩፋኤል ቢያዝን፣ ጎንደር

እትየ ወለተሩፋኤል፣ ክረምቱን በደኅና ተሻግረው የመስቀልን በዓል በሰላም እንዳዩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔን በሰው አገር የሚጠብቅ አምላክ እርስዎንም ከነቤትዎ ይጠብቅ። እኔ ደኅና ነኝ።

ከእኔ ደብዳቤ ይመጣል ብለው እንደማያስቡ አውቃለሁ። የአባቶቻችን የርስት ክርክር ፍርድ ካገኘ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። አሁንም ብዕር ያነሣሁት ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጥድ አምባም ፖስታ ቤት የለም። ከዘመድ መካከል ጎንደር ከተማ ተቀምጦ ራሱ የሚያነብና ራሱ የሚጽፍ ከእርስዎ በቀር የለኝም።

ጉዳዬ ድንጋይ ነው። እዚህ የምማረው ስለ ጋዝ ነው፤ ጋዝ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ገብቶ እንዴት ወደ ፈሳሽ እንደሚለወጥ እንለካለን። አስተማሪዬ እያንዳንዱ ተማሪ ካገሩ ድንጋይ ያስመጣ ብለዋል። ከጥድ አምባ ሦስት ዓይነት ያስፈልገኛል፦ ከእርስዎ የድንጋይ ጉድጓድ ነጩ፣ ከእናቴ ቁልቁለት ጥቁሩ፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ የማንም ያልሆነው ቀዩ። እያንዳንዱ የሁለት ቡጢ ያህል ከሆነ ይበቃል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከየት እንደተነሣ ይጻፍበት።

ቢያደርጉልኝ አመሰግናለሁ። ባያደርጉልኝም አይደንቀኝም።

የአጎትዎ ልጅ
ፋንታሁን ውድነህ


ጎንደር
ጥር 4 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለፋንታሁን ውድነህ

ሰላመ እግዚአብሔር ካለህበት ይድረስህ። ልደትን በሸጋ አሳልፈናል፤ ከተማው ለጥምቀት ሽር ጉድ ላይ ነው። የኔን ጤና ስለጠየቅህ ደኅና ነኝ።

ድንጋዮችህን በዛሬው ፖስታ ልኬልሃለሁ። በሦስት ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በእጄ ጽፌ፣ በሰም አሽጌ ነው። ስጠይቅ እምቢ አለች ብለህ በዘመድ ፊት እንዳታወራብኝ ብዬ ነው እንጂ ልቤ ወዶ አይደለም።

አሁን አንተ ደግሞ መልስልኝ። ጋዝ አልከኝ። በፒያሳ ያለው ባለሱቅ ሲነግረኝ የፈረንጅ አገር ሰዎች ፋኖስ የምናበራበትን ጋዝ ከምድር ሥር ነው የሚያወጡት አለኝ። እንግዲህ አራት ዓመት ዝም ብለህ ከርመህ ድንገት የጉድጓዴ ድንጋይ ያማረህ ለዚህ ከሆነ፣ ስማ፤ ከዚያ ጉድጓድ ጋዝም ይውጣ ወርቅ የእኔ ነው። ፍርዱ ማኅተም አርፎበት ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል።

ድንጋዩን እንደሁ ሥራ ላይ አውየዋለሁ። ልጄ ጽጌሬዳ ሦስት ቀን በምጥ ተይዛ አዋላጆቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ፈታሔ ማኅፀን ቅዱስ ሩፋኤልን ተማጽኜ፣ ከነልጇ ብትነሣልኝ በጥድ አምባ ቤተ ክርስቲያን አሠራልሃለሁ ብዬ ተሳልኩ። ተነሣች፤ ልጁም ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ግድግዳው ነጭ ድንጋይ፣ ጣሪያውም እንደ ነገሥታቱ ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቀሰተ ይሆናል። የሚሠራልኝ የወለቃው ግንበኛ ነጋ ነው፤ በዚህ አገር ከሱ የተሻለ እጅ የለም። መሠረቱ ወጥቷል።

እናትህ ደኅና ናት።

ወለተሩፋኤል ቢያዝን


ሊድስ
ሚያዝያ 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

እትየ ወለተሩፋኤል፣ የትንሣኤው ጌታ ጤና ይስጥልኝ። ድንጋዮቹ በመርከብ ዞረው በየካቲት መጨረሻ ደረሱ። አንዱም አልተሰበረም። አመሰግናለሁ።

ጋዝ ስላሉት ነገር፣ እኔ የምለው የፋኖሱን አይደለም። እዚህ ጋዝ የሚሉት እንደ አየር ያለውን፣ የማይታየውንና የማይጨበጠውን ሁሉ ነው። ድስት ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ጋዝ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እኔ የምለካው ይህንን ነው። ልዩነቱ የእኔ ክዳን የድንጋይ ቀዳዳ መሆኑ ነው። በጣም በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ፣ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ማለቴ ነው፣ እንፋሎቱ ጊዜው ሳይደርስ ውሃ ይሆናል። በውጭ ያለው አየር ገና ደረቅ መስሎ ሳለ ድንጋዩ ውስጡ ይረጥባል።

ዕቃችንም የሚያስገርም አይደለም። የክንድ ርዝመት ያለው የብርጭቆ ቱቦ ነው። በውስጡ ከፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ሞላ ተንጠልጥሏል፤ በሞላው ጫፍ የድንጋይ ፍንካች አስራለሁ። አየሩን በመምጠጫ አወጣና የውሃ እንፋሎት ትንሽ በትንሽ አስገባለሁ፤ ምን ያህል እንደገባ ባዜቃ የሚባለው ፈሳሽ ብረት በሌላ ቱቦ ውስጥ በወጣበት ልክ አነባለሁ። ድንጋዩ እንፋሎቱን ሲወስድ ይከብዳል፤ ሲከብድ ሞላው ይረዝማል፤ የረዘመውን በአጉሊ መነጽር እለካለሁ። ለአንድ ድንጋይ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በጉድጓድዎ ላይ የተነሣ ሰው የለም።

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር አነበብኩ። ጣሪያው በርግጥ ከነጩ ድንጋይ ነው የሚሆነው? ይህን ይጻፉልኝ።

ከፍርዱ በኋላ ድንበሩ ወደ እናቴ እርሻ አሥራ ሁለት ክንድ ገብቶ እንደተተከለ ከጥድ አምባ የመጣ ሰው ለአንድ ተማሪ ነግሮት እሱ ነገረኝ። እርስዎ ግን ስለ እናቴ የጻፉልኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው።

ፋንታሁን


ጎንደር
ሰኔ 10 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለፋንታሁን ውድነህ። ሰላም ላንተ ይሁን።

የጻፍከውን ለነጋ አነበብኩለት። ተቀምጦ ሲሰማ ከቆየ በኋላ፣ "ይህ ልጅ አንድ ነገር ያውቃል" አለኝ።

"ምን ያውቃል?" አልኩት።

"ነጩ ድንጋይ በበጋ በአንድ አህያ የሚጫነው ሁለት፣ በክረምት አህያዋ በአንዱ ትንበረከካለች። ሽፋን ሥር ያስቀመጥኩት እንኳ፣ ዝናብ ያልነካው እንኳ ይከብዳል። እኔ እጄ ያውቀዋል እንጂ ምክንያቱን አላውቀውም።"

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። ግድግዳው ከሰው ቁመት አልፏል። አዎን፣ ጣሪያውም ከነጩ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ ነጋ የጣሪያውን ቅስት መሥራት ይጀምራል። ስለ ድንጋዩ ያወቅከው ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ እኔና አንተ የምንጣላበት ጎተራ አይደለም።

ስለ ድንበሩ፣ ድንበር የሚተክለው ዳኛ ነው። ተማሪ ለተማሪ የሚያወራውን አልመልስም። እናትህም አፍ አላት፤ የሚከፋት ነገር ካለ በሬ ክፍት ነው።

መልስህን በአየር ፖስታ ላክ።

ወለተሩፋኤል


ሊድስ
ኅዳር 3 ቀን 1952 ዓ.ም.

እትየ ወለተሩፋኤል፣ ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ዘግይቷል።

ውጤቱ እነሆ። አየሩ ሊሸከም ከሚችለው እንፋሎት ከአራት እጅ ሦስቱን ሲይዝ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይነካው፣ ነጩ ድንጋይ ከመቶ ሦስት የሚሆን ውሃ በውስጡ ያጠራቅማል። አየሩ ሲጠግብ፣ በወገራ ጭጋግ ሲወርድ እንደሚሆነው ማለት ነው፣ ከመቶ አሥራ አንድ ይደርሳል። እንዲህ የረጠበውን በመጭመቂያ ሰብሬ አየሁት፤ በደረቁ ከሚሸከመው ግማሹን እንኳ አልቻለም። በዚያ ላይ የጥድ አምባ የኅዳር ውርጭ አለ። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

ጥቁሩ ድንጋይ ግን ምንም አይወስድም ማለት ይቻላል። ከሺህ አንድ ነው።

ስለዚህ ከነጩ ድንጋይ ጣሪያ አይሥሩ። የተሠራም ካለ ይፍረስ። ጥቁሩ የሚገኘው በእናቴ ቁልቁለት ላይ ነው። እናቴ ድንጋዩን እንድትሰጥ እኔ አስፈቅዳለሁ፤ እርስዎም በበኩልዎ አሥራ ሁለቱን ክንድ መልሰው ድንበሩን ከድሮው ቦታ ያስተክሉ። ይህ ሲሆን ድንጋዩን መፍለጥ ይቻላል።

ፋንታሁን ውድነህ


ጎንደር
ታኅሣሥ 8 ቀን 1952 ዓ.ም.

ፋንታሁን፣

ሰላምታ የሚሰጠው ለሚገባው ሰው ነው፤ አልፌዋለሁ።

ደብዳቤህ ኅዳር 25 ቀን እጄ ገባ። ቅስቱ የወደቀው ኅዳር 14 ቀን ነው።

እንዴት እንደወደቀ ልንገርህ። ነጋ መካከለኛውን ቅስት ዘግቶ ሁለት ሳምንት አሳርፎታል። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ ቀለጠ። ሦስት ሰዓት ሲሆን መደገፊያውን እንጨት ማውጣት ጀመሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ሦስተኛው እንጨት ሲወጣ ከላይ እንደ እህል ደቃቅ ነገር ፈሰሰ። ነጋ፣ "ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ" አለ። ሠራተኞቹ ወጡ። እሱ ከኋላ ነበር። አንዱ ድንጋይ ለሁለት ተከፈለ፤ ሌላው ተከተለ፤ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያዘው። የተሰበረውን ድንጋይ በኋላ በእጄ ሳነሣው ውስጡ እርጥብ ነበር። ዝናብ ከቆመ ሁለት ወር አልፎታል።

ሰኔ ላይ ጠየቅሁህ። በአየር ፖስታ ላክ አልኩህ። አንድ ደብዳቤ ከአንተ ወደ እኔ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ አንተ አምስት ወር ፈጀህ። ለአንድ ድንጋይ ሦስት ሳምንት ይበቃል ብለህ የጻፍከው አንተው ነህ። ድንጋዩ በየካቲት ደርሶሃል። እኔ መቁጠር እችላለሁ።

ሲመጣም የመጣው ምንድን ነው? የእኔ ድንጋይ ክፉ፣ የእናትህ ድንጋይ ደግ ሆኖ ተገኘ። በብርጭቆህ ውስጥ ያየኸው ይህን ነው? ድንበሬን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ መያዣ አደረግኸው።

ድንጋዩ እንደሚረጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። የአንተን ቁጥር ግን አላምንም። እውነት ከሆነ እኔም ልለካው የምችልበትን መንገድ ጻፍልኝ፤ በዚህ አገር በሚገኝ ዕቃ፣ በእጄ፣ በዓይኔ። ይህን ካልቻልክ ደብዳቤህን ይዤ ዳኛ ፊት እቆማለሁ።

ወለተሩፋኤል ቢያዝን


ሊድስ
ጥር 6 ቀን 1952 ዓ.ም.

እትየ ወለተሩፋኤል፣

ጤና ይስጥልኝ። አያ ነጋ እንዴት ናቸው? እግራቸው ይድናል? ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ይጻፉልኝ።

መንገዱ ይኸው። የሚያስፈልግዎ አፈ ሰፊ የብርጭቆ ማሰሮ ከነክዳኑ፣ አሞሌ ጨው፣ ሰም፣ የብር አንጥረኛ ሚዛን ነው። ከየድንጋዩ እኩል የሚመዝን ፍንካች ያስፈልጡ። ፍንካቾቹን በሸክላ ድስት ከእሳት ላይ ግማሽ ቀን ያቆዩአቸው፤ ያኔ በውስጣቸው ያለው ውሃ ይወጣል። ሲበርዱ ወዲያው ይመዝኑ። አሞሌውን ወቅጠው ከማሰሮው ሥር ያድርጉና ገንፎ እስኪመስል ውሃ ያርከፍክፉበት። ድንጋዩን ከጨውም ከውሃም ሳይነካ በክር ያንጠልጥሉት፤ ክዳኑን በሰም ይድፈኑት። እርጥብ ጨው ባለበት ዝግ ማሰሮ ውስጥ አየሩ ሁልጊዜ ከአራት ሦስት እጅ እንፋሎት ይይዛል፤ እዚህም ጎንደርም ያው ነው። በየሳምንቱ አውጥተው ይመዝኑ። ክብደቱ መጨመር ሲያቆም ያ ነው መልሱ።

ሚዛኑ አይዋሽም። የእኔንም ቁጥር የመዘነው እሱን የመሰለ ነገር ነው።

ፋንታሁን


ጎንደር
ሚያዝያ 30 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለፋንታሁን ውድነህ

እግዚአብሔር የሠራነውን ሁሉ ይይ። ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ተቀምጠህ አንብብ።

ነጋ ወለቃ ቤቱ ገብቷል። ወጌሻው አጥንቱን አያይዞታል፤ ግን አጭር ሆኖ ነው የገጠመው። ያለ ምርኩዝ አይሄድም። አምስት ልጆች አሉት። ሚስቱ መንገድ ዳር ሸክላ ትሸጣለች፤ ለጊዜው የሚበሉት ከዚያ ነው።

መለኪያውን ወደሱ ወሰድኩት። ከቤቴ በእግር ሩቅ አይደለም። ሚዛኑን ከዘመዱ ከብር አንጥረኛው ተዋሰ፤ ማሰሮዎቹን ፒያሳ ገዛሁ። ነጋ ተቀምጦ ሥራ አጥቶ ሲብሰለሰል ነበርና እንዳየው ዓይኑ በራ። ድንጋዮቹን ራሱ ፈለጣቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ጠገራ ብር የሚመዝን ነው። ጭማሪውን የምንመዝነው በስንዴ ፍሬ ነው። ነጋ የመዘነውን እኔ ደግሜ እመዝናለሁ፤ እሱም የእኔን ደግሞ ይመዝናል። አንዳችን አንዳችንን አናምንም ነበር፤ ለዚህ ሥራ ግን ይህ ጠቀመን።

መጀመሪያ የጀመርነው በሁለት ማሰሮ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነጋ ፍንካቹን ክር እያሰረ፣ "እመቤቴ፣ ለልጁ ከጥድ አምባ ያስጫንነው ሦስት ድንጋይ አልነበረም?" አለኝ።

"ሦስት ነበር።"

"ልጁ ስለ ቀዩ ምን አለ?"

ደብዳቤህን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። "ምንም አላለም።"

"ምነው?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እንግዲያው እኛ እንመዝነዋለን" አለ። ሦስተኛ ማሰሮ ገዛሁ።

ስድስት ሳምንት ቆየን። ነጩ ድንጋይ አርባ አንድ የስንዴ ፍሬ ጨመረ። ውሃ አልነካውም፤ ጨው አልነካውም፤ በክር ተንጠልጥሎ ከአየር ብቻ ጠጣ። ጥቁሩ አንድ ፍሬ ጨመረ። ቀዩም አንድ ፍሬ ጨመረ።

አንድ።

ቁጥርህ እውነት ነው። ይህን የምጽፍልህ ስለሚገባህ ነው። ደግሞም ውሸታም ነህ። ይህንንም የምጽፍልህ ስለሚገባህ ነው። ቀዩ ድንጋይ በወንዙ ዳር የማንም ሳይሆን ተቀምጦ ሳለ፣ ከእናትህ ቁልቁለት በቀር መዳኛ የለሽም ብለህ ጻፍክልኝ። ሦስት ልኬልህ ሁለቱን ነገርከኝ። ድንበሬን ለማስመለስ አንዱን ድንጋይ ደበቅኸው።

ነጋ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። "መቼ አወቀ?" ብቻ አለ። መልሱን ስጠኝ። ቀኑን ጻፍልኝ።

ወለተሩፋኤል


ሊድስ
ግንቦት 28 ቀን 1952 ዓ.ም.

እትየ ወለተሩፋኤል፣

ቀኑ ሰኔ 2 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። የሦስቱም ድንጋዮች ልኬታ በዚያ ቀን አልቋል። ቅስቱ ከመውደቁ አምስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው።

የሰኔው ደብዳቤዎ በወሩ መጨረሻ ደረሰኝ። በዚያው ሳምንት መልስ ጽፌ ነበር። ሦስቱም ድንጋይ በውስጡ ነበር። ከዚያ ስለ እናቴ የጻፉትን፣ አፍ አላት ያሉትን፣ እንደገና አነበብኩ። ደብዳቤውን ቀደድኩት። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ አልኩ፦ ትሥራ፤ ይረጥብባታል፤ ሲያስጨንቃት ወደ እናቴ ደጅ ትመጣለች። የሚረጥብና የሚሰነጠቅ መስሎኝ ነበር። የሚወድቅ፣ ሥሩም ሰው የሚቆም አልመሰለኝም። የመጭመቂያውን ቁጥር አይቼ ሳለ አልመሰለኝም። በኅዳር ስጽፍ ደግሞ ቀዩን አወጣሁት። ረስቼው አይደለም።

ስሌትዎን አየሁ። አንድ ጠገራ ብር ሃያ ስምንት ግራም ነው። እዚህ ካለው ስንዴ መቶ ፍሬ መዘንኩ። አርባ አንድ ፍሬ ከመቶ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ይሆናል፤ የእኔ ሦስት ነጥብ አንድ ነበር። ለአስተማሪዬ አሳየኋቸው። "ይህን የለካው ማን ነው?" አሉኝ። አንድ ግንበኛና አንዲት ወይዘሮ አልኳቸው። "ለምን ለኩት?" አሉኝ።

የሦስቱን ድንጋዮች ሙሉ ሠንጠረዥ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቀዩ በጠገበ አየርም ቢሆን ከሺህ ሁለት አያልፍም። ለማንኛውም ቅስት ይሆናል።

እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅም። በመካከላችን ያለው በድንጋይ የጀመረ አይደለም፤ ድንበሩም ካለበት አልተነቀለም። አያ ነጋን ግን ይቅር ይበሉኝ ብዬ እለምናቸዋለሁ። ይህን ያንብቡላቸው።

ስለ እናቴ እባክዎን ከሁለት ቃል በላይ ይጻፉልኝ።

ፋንታሁን ውድነህ


ጎንደር
መስከረም 5 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለፋንታሁን ውድነህ

አዲሱን ዘመን እግዚአብሔር ይባርክልህ። ዓመት ከአራት ወር አልጻፍኩልህም። የምጽፈው እስኪኖር ነው።

የቅዱስ ሩፋኤል ታቦት ጳጉሜን 3 ቀን ገባ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ ከወገራ ሁሉ ሕዝብ መጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ። ጽጌሬዳ ልጇን ይዛ መጣች። ግድግዳው ቀይ፣ ጣሪያው ቀይ ነው። ነጩ የፈረሰው ሁሉ ለአጥር ዋለ።

አሁን ያልጻፍኩልህን ልጻፍልህ፤ አንተ ቀኑን እንደጻፍክልኝ።

ነጋ በመጀመሪያው ቀን፣ መሠረት ሳይወጣ፣ ቀዩን እንሥራበት ብሎኝ ነበር። "ከወንዝ ማውጣቱ ያደክማል፣ ለመጥረብም ይጠናል፣ ግን የታመነ ነው" አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በተከራከርኩበት ርስት ድንጋይ እንዲሠራና አገር ሁሉ እንዲያየው ፈልጌ ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ ለነጋም ነግሬዋለሁ። "አውቃለሁ" አለኝ።

ሁለተኛው ስለ እናትህ ነው። ቅስቱ በወደቀ ቀን ሠራተኞቹ ሸሽተው ሜዳ ላይ ሲጮሁ፣ እኔም በሩ ላይ እግሬ ተሳስሮ ስቀር፣ እናትህ እርሻዋ ውስጥ ነበረች። ድምፁን ሰምታ መጣች። ገና ከላይ እየተንጠባጠበ ሳለ ገብታ ድንጋዩን ከነጋ እግር ላይ አነሣችው። ትከሻዋ ላይ ሌላ ወደቀባት። እስከ ዛሬ ግራ እጇን ከራሷ በላይ አታነሣም። ነጋ በእምነቱ የክርስቲያን ቤት እህል አይቀምስምና ከደጇ ዳስ ጣለችለት፤ ሚስቱ ከወለቃ መጥታ እያበሰለችለት አንድ ወር እዚያ ቆየ። ይህን ሁሉ አይቼ፣ በታኅሣሥ ስጽፍልህ አንዱንም አላሰፈርኩም። የእናትህን ደግነት ከእኔ እጅ እንድታገኘው አልፈለግሁም ነበር።

ድንበሩን በጥቅምት መለስኩ። አሥራ ሁለት ክንድ ሳይሆን አሥራ አራት ሆኖ ተገኘ። ካንተ ጋር ለመታረቅ አይደለም። እናትህን ጠርቼ "አዛለች፣ ቆመሽ ለኪ" አልኳት፤ በእርምጃዋ ለካች፤ እኔ ድንጋዩን ተከልኩ።

አዲሱን ቅስት ነጋ ተቀምጦ አሠራው። ከጥግ በርጩማ ላይ ሆኖ በምርኩዙ እየጠቆመ አንድ ዓመት ፈጀ። በሚያዝያ መደገፊያው የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ሠራተኞቹ ፈሩ። ነጋ በርጩማውን አስነሥቶ ከቅስቱ መካከል፣ ልክ ከሥሩ አስቀመጠና ቁጭ አለ።

"ምን ማድረግህ ነው?" አልኩት።

"የመዘንኩት እኔ ነኝ" አለ። "አውጡት።"

እናትህ ከበሩ መጥታ ከጎኑ ቆመች። ማንም አልጠራትም። እኔ ውጭ ነበርኩ። ለካስ ሦስቱንም ማሰሮ በእጄ ያሸግሁት እኔ ነኝ፤ ስንዴውን አንድ በአንድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እምቢ ብዬ ይህን ሰው ለምርኩዝ ያበቃሁትም እኔ ነኝ። ገባሁና በሌላው ጎኑ ቆምኩ። እንጨቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው ሲወጣ ቀና ብዬ አላየሁም፤ እናትህ ነች ያየችው። "ቆሟል" አለች።

ታቦቱ በገባ ዕለት ነጋ ከቅጥሩ ውጭ ነበር። የሠራው ቤት ከተባረከ በኋላ እንደ እምነቱ አይገባበትም። ልብሱ እስኪጣበቅበት ዝናብ እየመታው ቆየ።

ከቅዳሴ በኋላ ወጥቼ ደብዳቤህን፣ ይቅር ይበሉኝ ያልክበትን፣ አነበብኩለት። አንድ ዓመት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞሬአለሁ፤ ሥራው ሳያልቅ ላነብለት አልፈለግሁም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ደግመሽ አንብቢው አለኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ጉልበቱን አሸ።

"ምን ልጻፍለት?" አልኩት።

"ይምጣ" አለ።

ሌላ ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም። እኔም አልጨምርም።

ወለተሩፋኤል ቢያዝን